የሸማኔው ልጅ በአራዳ ጊዮርጊስ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ጥቂት ተማሪዎቻችንን ይዘን ከአርባ ምንጭ ተነሣን፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘንም አዲስ አበባ ገባን። ከሁሉ አስቀድመን ልናሳያቸው የወደድነው በአሮጌው ከተማ መካከል በአራዳ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል ነበር። በዚህ ወር የምናወጋችሁም በዚያ ያየነውንና ከልጆቹ ከአንደኛው የተማርነውን ነው።

ከመንገዳችን በፊት ስለ ታላላቅ ካቴድራሎች በክፍል ውስጥ አስተምረን ነበር። በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን ጎቲክ የሚባል የአሠራር ስልት ተነሣ። ከዚያ አስቀድሞ የድንጋዩን ጣራ የሚሸከመው ግድግዳው ስለ ነበረ፥ ግድግዳው ወፍራም መስኮቱም ጠባብ ነበር። የጎቲክ ግንበኞች ግን ጫፉ የሾለ ቅስት ሠሩ፤ የጣራውን ክብደት እንደ ጎድን አጥንት በተዘረጉ የድንጋይ አውታሮች ሰብስበው ወደ ምሰሶዎቹ አወረዱት፤ ወደ ውጭ የሚገፋውንም ኃይል በውጭ በቆሙ ደጋፊ ግንቦች ገቱት። ግድግዳው ከሸክሙ ስለ ዐረፈም በስፍራው ሰፋፊ የባለቀለም መስተዋት መስኮቶች ገቡ።

ይህን ስንናገር ከኋላ የተቀመጠ አንድ የዶርዜ ልጅ እጁን አነሣ። «መምህር፥ ይህስ እንደ እኛ ቤት ነው» አለን። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እርሱ ግን እውነቱን ነበር። የዶርዜ ቤት አዲስ ሲሠራ ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ይጠጋል። የቀርከሃው አውታሮች ከመሬት ተነሥተው እየተጠላለፉ ወደ ላይ ይገናኛሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይሸካከማሉ። ምስጥ ግርጌውን ሲበላው የተበላው ይቈረጣል፤ ቤቱም ዝቅ ብሎ ይኖራል እንጂ አይፈርስም። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዱታል። ያን ልጅ በዚያ ቀን አመሰገንነው።

እሑድ ማለዳ ለቅዳሴ ወደ አራዳ ወጣን። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል በተገኘ ጊዜ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቶ እንደ ነበረ ይታወሳል። ሕንጻው ስምንት ማዕዘን ነው፤ ንድፉን ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ኢጣሊያዊ ሲሆን፥ ሥራው በ1903 ዓ.ም. ተፈጸመ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላ ግን ታደሰ፤ አፈወርቅ ተክሌም በሥዕልና በባለቀለም መስተዋት አስጌጠው። አሠራሩ ጎቲክ አይደለም፤ ነገር ግን ብርሃን በቀለም ተጣርቶ ወደ ጸሎት ቤት እንዲገባ ማድረግ ከእነዚያ የአውሮፓ ካቴድራሎች ጋር ያዛምደዋል። ልጆቹ ያን ብርሃን በምእመናኑ ነጭ ነጠላ ላይ ሲያርፍ አይተው ዝም አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ስንወጣ አንድ ሰው ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ በደጃፉ ቆሞ ነበር። የዚያ የዶርዜ ልጅ አባት ነው፤ በሽሮ ሜዳ ሽመና ይሠራል፤ የልጁን መምጣት ሰምቶ ሊያየው መጥቷል። ልጁ ግን አባቱን ባየ ጊዜ ፊቱን አዙሮ ከጓደኞቹ መካከል ተደበቀ። ለካስ በመንገድ ላይ አባቱ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት «ነጋዴ ነው» ብሏቸው ኖሯል። አባትየውም ነገሩ ገባው፤ በእጁ የያዘውን ጥቅል ለእኛ ሰጥቶ፥ «መምህር፥ ለልጁ ይስጡልኝ፤ ሥራ ስለሚጠብቀኝ ልሂድ» አለንና ሄደ። ጥቅሉን ስንፈታው ጥለቱ ያማረ አዲስ ነጠላ ነበር።

ማታ ልጁን ለብቻው ጠርተን፥ «አባትህን ስለ ምን አሳፈርኸው?» ብለን ገሠጽነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ «መምህር፥ ያልተማረ ሸማኔ ሆኖ ይቀራል ያሉን እርስዎ አይደሉምን?» አለን።

አንባቢያን ሆይ፤ ብለነዋል። ሰነፎችን ለማትጋት ስንል በዚያ ክፍል ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግረነዋል። የቃሉ ጅራፍ ግን የተቀመጠው በሰነፎቹ ጀርባ ላይ ሳይሆን፥ ከሁሉ በሚተጋው ልጅ ልብ ላይ ነበር። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተማርነውን ዘንግተን ነበር። በኦሪት ዘጸአት እንደምናነበው፥ እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን እንዲሠራ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ የጥበብ መንፈስ ሞላበት፤ ሽመናም ከዚያ ጥበብ ጋር ተቈጥሯል። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር። ይህን ካቴድራል ያሠሩት አፄ ምኒልክ ራሳቸው የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረዋል። በፈረንሳይ አገር በሻርትር ከተማ ካቴድራል ደግሞ ከቅዱሳኑ ሥዕል በታች ጫማ ሰፊው፥ ዳቦ ጋጋሪውና ቈዳ ሠራተኛው እያንዳንዱ በሥራው ላይ እንዳለ በመስተዋቱ ላይ ተሥሎ ይታያል።

የእጅ ጥበብ ካልተከበረ ይጠፋል፤ ከጠፋም በኋላ በገንዘብ አይገዛም። የፓሪስ ኖትርዳም ካቴድራል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1163 ተጀምሮ፥ በ2019 የእንጨት ጣራው በእሳት ነደደ። በ2024 ዳግመኛ የተከፈተው እንጨት በመጥረቢያ የመጥረብን የጥንት ሙያ የሚያውቁ አናጢዎች ስለ ተገኙ ጭምር ነው። የአባት ሙያ ከልጅ ዘንድ ባይደርስ ኖሮ ያ ጣራ እንደ ጥንቱ ባልቆመ ነበር።

በማግሥቱ ልጁን ይዘን ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። አባቱ እግሩን በጉድጓዱ አስገብቶ፥ መወርወሪያውን በድሩ መካከል ግራና ቀኝ ይሰድ ነበር። ሲያየን ሊነሣ ቢል፥ «ጋሼ፥ ሥራዎን አይተዉ፤ የመጣነው ይቅርታ ልንለምን ነው፤ ጥፋቱ የልጁ ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው» አልነው። እርሱም ነገሩን ሰምቶ ጥቂት አሰበና፥ «መምህር፥ እኔም እንደ እኔ እንዲቀር አልፈልግም፤ እንዲማር ነው የምለፋው። ብቻ የበላውን እንጀራ አይናቀው» አለን። ልጁም ቀርቦ የአባቱን ጕልበት ሳመ።

ይህን የጻፍነው ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው በለጋነታቸው ወደ ሽመና እንዲሰዱ አይደለም፤ ያ ሌላ በደል ነው። ልጅ ይማር። ነገር ግን ትምህርትን ስናወድስ የማንንም አባት አናዋርድ። በየቤታችሁ «እንደ እገሌ ቀጥቃጭ፥ እንደ እገሌ ሸክላ ሠሪ ትሆናለህ» እያላችሁ ልጅ የምትገሥጹ ካላችሁ፥ ቃሉን ከዛሬ ጀምሮ ተዉት። እኛም ትምህርት ሲከፈት በዚያው ክፍል ፊት ቆመን የተናገርነውን ቃል መልሰናል። ልጁ በዚያ ቀን የአባቱን ነጠላ ለብሶ መጥቶ ነበር።