የግንዛቤ እጥረት ወይስ የመድኃኒት?

ወባ በተነሣ ቁጥር ከስብሰባ አዳራሽ የማይጠፋ ምክንያት አለ፤ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት»። መፍትሔውም ያው ነው፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ዞራ ታስተምር።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2019 አንድ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአገራችን የወባ ሕሙማን ብዛት በ2024 ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በአምስት ዓመት ውስጥ እናቶች ሁሉ የተማሩትን ረሱ? በእነዚህ ዓመታት የተካሄደው ጦርነት ጤና ኬላ አፍርሷል፤ መድኃኒትና አጎበር የሚጓዝበትን መንገድ ዘግቷል። በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝም ገብታለች። ይህን የትኛው ትምህርት ይመልሰዋል?

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ትኩረቱ መከላከል ነበር። ለሕፃናት ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን፣ በእኔ ግምት፣ 10ኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሠለጠነች የአካባቢው ልጅ ጣት ወግታ፣ መርምራ፣ ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት መስጠት ስትጀምር ነው። ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት የተያዘ ሕፃን ትኩሳቱ በጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ማግኘት አለበት፤ ከዘገየ በሽታው አንጎሉን ሊመታ፣ ደሙንም ሊያሟጥጥ ይችላል። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ለሆነባት እናት ያ 24 ሰዓት የሚደረስበት በቀበሌዋ ጤና ኬላ ብቻ ነው።

ልጇን አዝላ መጥታ ኬላው ተዘግቶ ብታገኘውስ? ወይም ተከፍቶ መመርመሪያው አልቆ? የዚያን ቀን የተማረችው ትምህርት ሪፖርት ላይ አይጻፍም። በሌላ ጊዜ ልጁን ሲያተኩሰው ቤት ታቆየዋለች፤ ሲብስበት ይዛው ስትሮጥ ደግሞ «ግንዛቤ ስለሌላት ዘገየች» ትባላለች። አጎበሩንም ለሌላ አዋለችው እየተባለች ትወቀሳለች። ከሦስት ዓመት በፊት ታድሎ የተበጣጠሰ አጎበር እህል ቢሸፈንበት ምን ይገርማል? አዲሱ የት አለና?

የሠራተኛዋም ሸክም ቀላል አይደለም። ዝናቡ አባርቶ ወባ በሚነሣበት በመስከረምና በጥቅምት ክትባቱ፣ የቤተሰብ ምጣኔው፣ የመጸዳጃ ቤት ቆጠራው፣ ስብሰባውና ሪፖርቱ ሁሉ እሷኑ ይጠብቃል። ዓመቱ ሲያልቅ «ጀግናችን» ተብላ የምስክር ወረቀት ይሰጣታል። ጭብጨባ በጀት አይጠይቅም።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ሪፖርት ስንት ቤት እንደተዞረ፣ ስንት ሰው እንደተማረ በዝርዝር ያቀርባል። እኔ ማየት የምፈልገው ሌላ ቁጥር ነው፤ በጥቅምት ወር እያንዳንዱ ጤና ኬላ ያለ ኮአርተምና ያለ መመርመሪያ ስንት ቀን አሳለፈ? ቁጥሩ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ ተጠያቂውም ዕቃውን መላክ የነበረበት አካል ይሁን።