መስመር ሲቋረጥ ስለሚጠፋው ሥራችን

ባለፈው ሴሚስተር ከመካከላችን አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ይዞ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ የ15,683 ሴቶችን መልስ በአር ፕሮግራም ሲመረምር ሰነበተ። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። እሑድ ማታ ረጅሙን ስሌት ከቤቱ ሆኖ ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ አስጀምሮ ተኛ። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ጧት ሲነሣ ባዶ መስኮት ጠበቀው። የአንድ ሌሊት ስሌት ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ከዐርብ ማታ ጀምሮ ፕሮግራሙን ሳይዘጋ፣ በኮንሶሉ ላይ በቀጥታ እየጻፈ ያስተካከላቸው ዓምዶች ሁሉ አብረው ሄዱ። «እንዴት እንዳስተካከልኳቸው እንኳ አላስታውስም» ሲለን የምንመልስለት አጣን። ምርቃቱም ለሚቀጥለው ዙር ተላለፈ።

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ቁጥር መብራቱንና ኢንተርኔቱን እንረግማለን። እርግማኑ ያለ ምክንያት ነው አንልም። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ዳሩ ግን መስመሩን መቀጠል በእጃችን አይደለም፤ ሥራችንን መጠበቅ ግን በእጃችን ነው። መስመሩ ይቋረጣል ብለን ካሰብን፣ ሲቋረጥ የማይጠፋ ሥራ መሥራትን ለምን አንለምድም?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አመጣጡን እንመልከት። አርም ሆነ ፓይተን የምንሰጠውን መረጃ በሥራ ላይ ሳለ የሚይዘው ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ራሙ ይለቀቃል፤ በዲስክ ላይ ያልተጻፈው ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። መስመር ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ለምን አብሮ ይዘጋል ቢሉ፣ ልማዱ የቆየ ነው። ቀድሞ ሰዎች ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት በስልክ መስመር ነበር። ስልኩ ሲዘጋ የዩኒክስ ሲስተም ሰውየው እንደ ሄደ ቆጥሮ፣ የጀመረውን ሥራ በምልክት ያስቆመዋል። የምልክቱ ስም እስከ ዛሬ «ሃንግ አፕ» ነው፤ ስልክ መዝጋት ማለት ነው። ዛሬ በኤስኤስኤች ገብተን የምናስጀምረው ሥራም በዚሁ ሕግ ይገደላል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ስክሪን የሚባለው ፕሮግራም ከ1987፣ ቲመክስ የሚባለው ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ሰርቨሩ ላይ እንደ ገባን መጀመሪያ ቲመክስን፣ ከዚያም በውስጡ አርን እንከፍታለን። መስመሩ ቢቋረጥ ሥራው እዚያው ይቀጥላል፤ ጧት ተመልሰን «ቲመክስ አታች» ብለን ካቆምንበት እናገኘዋለን። አር ስቱዲዮ ሰርቨርን በብራውዘር የምንጠቀም ደግሞ፣ ብራውዘሩ በመዘጋቱ ብቻ ሥራው እንደማይሞት እንወቅ። በጉግል ኮላብ ግን ሌላ ነው። በነፃ የሚሰጠን ማሽን ቢበዛ 12 ሰዓት ይቆያል፤ ሥራ ከፈታም ቀድሞ ይወሰዳል፤ በላዩ የተውነው ፋይልም አብሮ ይሄዳል። ጁፒተርም በየሁለት ደቂቃው ራሱ ሴቭ ሲያደርግ አይተን እንዘናጋለን። ሴቭ የሚያደርገው ግን የጻፍነውንና በገጹ ላይ የታየውን ውጤት ነው፤ በራሙ ውስጥ ያለውን መረጃ አይደለም።

ይሁን እንጂ ቲመክስም ቢሆን ሰርቨሩ ራሱ ሲጠፋ ወይም ራሙ ሞልቶ ፕሮግራሙ ሲገደል አያድንም። የመጨረሻው መጠጊያ አባቶቻችን የነገሩን ነው፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። እያንዳንዱ ማስተካከያ በስክሪፕት ይጻፍ። ስታታ የሚጠቀም ዱ-ፋይል ይያዝ። ኤስፒኤስኤስ የሚጠቀምም «ኦኬ» ከማለት ይልቅ አጠገቡ ያለውን «ፔስት» ቢጫን፣ ትእዛዙ በሲንታክስ ፋይል ላይ ይጻፍለታል። የመጀመሪያው መረጃ አይነካ። ረጅሙ ስሌት በየመቶው ዙር በ«ሴቭ አርዲኤስ» ወደ ዲስክ ይጻፍ፤ ስክሪፕቱም እንደ ገና ሲጀመር የተጻፈውን አይቶ ከዚያ ይቀጥል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አር ሲዘጋ ሴቭ ላድርግ ወይ ብሎ ይጠይቀን የለም ወይ? ይህ ይበቃል» ይላሉ። መስመር ሲቋረጥ ግን የሚጠይቅ የለም። ቢጠይቅም በዋነኛነት የሚያስቀምጥልን ውጤቱን እንጂ ውጤቱ የተገኘበትን መንገድ በሥርዓት አይደለም። ፈታኙ መምህር የሚጠይቀን ግን ስለ መንገዱ ነው።

ለመምህራኖቻችንም በትሕትና የምናቀርበው አሳብ አለን። የስታቲስቲክስ ፈተናዎችን ትርጉም በሚገባ አስተምራችሁናል፤ ሥራችን እንዴት እንደሚጠበቅ ግን የነገረን ጥቂት ነው። በመጀመሪያው የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ አንድ ሰዓት ለዚህ ይሰጥ። ከመመረቂያው ጽሑፍም ጋር ስክሪፕቱ አብሮ እንዲገባ ይታዘዝ። ይህ ለእኛ መጠበቂያ፣ ለእናንተም መመርመሪያ ይሆናል። ሰርቨር የሚጠብቁት ሠራተኞችም ቲመክስን እንዲጭኑልን፣ ማሽኑን አጥፍተው ከማስነሣታቸው በፊት እንዲያስታውቁን እንለምናለን።

ጓደኛችን ሥራውን እንደ ገና ጀምሯል፤ በዚህ ጊዜ ግን በስክሪፕት ነው። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦበታል፤ የጠፋበት ግን የለም። እኛም ዛሬ ማታ ስሌቱን አስጀምረን ከመተኛታችን በፊት «መስመሩ አሁን ቢቋረጥ በእጄ የሚቀረው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ተነሥተን እንጻፈው።