«ተከፍቷል» ማለት ተነቧል ማለት አይደለም

ለሩቅ ደንበኛ የእህል ዋጋ በኢሜይል የሚያስታውቅ የአጅባር ወይም የመካነ ሰላም ነጋዴ፣ ደብዳቤው «ተከፍቷል» የሚል ምልክት ቢያይ፣ ይህን እንደ አደራ ደብዳቤ ፊርማ ሊቆጥረው አይገባም። ምልክቱ የሚመጣው በደብዳቤው ውስጥ የተሰወረች፣ በዓይን የማትታይ ሥዕል ከላኪው ወገን ኮምፒዩተር በምትጠራበት ጊዜ ነው። ሥዕል እንዳይታይ የከለከለ ደንበኛ ደብዳቤውን ቢያነብም ምልክት አይመጣም፤ በአንጻሩ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የአፕል የኢሜይል ፕሮግራም፣ ባለቤቱ ጥበቃውን ከፈቀደ፣ ያልተከፈተውን ደብዳቤ ሥዕል አስቀድሞ ስለሚያወርድ ያልተነበበው እንደ ተነበበ ይታያል። በዚህ ተማምኖ እህል የሚያስጭን ነጋዴ ኪሳራውን በገዛ እጁ ይጠራል። ስለዚህ ዋጋው በሥዕል ሳይሆን በግልጽ ጽሑፍ ይላክ፤ የመልስ ቀን ይወሰን፤ የደንበኛው የጽሑፍ ማረጋገጫ ሳይደርስ ጭነት አይነሣ። ደንበኛን በስውር ከመከታተል በግልጽ መጠየቅ ለነጋዴ ክብር ይበጃል።