የግንባታ መሣሪያው ከኮዱ ጋር አይታሸግ

አንድ የሶፍትዌር ፕሮጀክት የሚገነባበትን መሣሪያ ራሱ ይዞ መምጣት አለበት የሚለው አስተያየት በብዙ ፕሮግራመሮች ዘንድ እንደ ደንብ ተቆጥሯል። መከራከሪያው ቀላል አይደለም፤ አዲስ ሰው ኮዱን አውርዶ በአንድ ትእዛዝ ይገነባዋል፣ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ጭቅጭቅም ይቀራል። ነገር ግን ሁለት ጉዳዮችን ያደባልቃል፦ የመሣሪያውን ቨርዥን መወሰንንና ቅጂውን ማሸግን። የመጀመሪያው ግዴታ ነው። የሁለተኛው ጉዳት ያመዝናል።

ኮድን ለግንባታ የሚያዘጋጀውን አውቶኮንፍን እንውሰድ። በሲ የተጻፉ ፕሮጀክቶች ከእሱ ጋር የሚሠራውንና የማሽኑን ዓይነት የሚለየውን «ኮንፊግ ጌስ» የተባለ ስክሪፕት በየጥቅላቸው እየገለበጡ ለዓመታት አሰራጭተዋል። ባለ 64 ቢት የአርም ፕሮሰሰሮች ሲመጡ አሮጌዎቹ ቅጂዎች ማሽኑን ሊያውቁት አልቻሉም፤ የፕሮግራሙ ኮድ ምንም ሳይጎድለው ግንባታው ገና ከጅምሩ ተሰናከለ። ዋናው ስክሪፕት ቢታረምም፣ እርማቱ በየጥቅሉ ተበትነው የቀሩትን ቅጂዎች አልደረሰም። የሊኑክስ ስርጭቱ ዴቢያን ችግሩን የፈታው የታሸገውን ትቶ በግንባታ ጊዜ በአዲስ በመተካት ነው።

ከታሸገው ቅጂ እርጅና የሚብሰው ከዓይን መሰወሩ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ሲመረምር፣ በፋይል ማመቂያው ኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። ጎጂው ኮድ የሙከራ ፋይል መስሎ በጊት ማከማቻው ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚቀሰቅሰው የግንባታ ማክሮ ግን በሚሰራጨው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። እንዲህ ያሉ ፋይሎችን መስመር በመስመር የሚያነብ እምብዛም የለም፤ ለመደበቂያ የተመቸውም ለዚህ ነው። ቆራጥ አጥቂ ሌላ መንገድ አያጣም ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ ይህንን መንገድ ክፍት የምንተውበት ምክንያት ግን አይታየኝም።

ግሬድል የተባለው የግንባታ መሣሪያ ራፐር ወደ ትክክለኛው አሠራር ይጠጋል፤ መሣሪያውን አይሸከምም፣ የተጻፈለትን ቨርዥን ያወርዳል፣ በቼክሰም እንዲያመሳክርም ማዘዝ ይቻላል። እሱም ቢሆን በዓይን የማይነበብ ጃር ፋይል በማከማቻው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፋይሉ ሲለወጥ ገምጋሚው የሚያነበው ነገር የለውም።

«የቆየው መሣሪያ ከኢንተርኔት ቢጠፋስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቤተ መዛግብት ነው። የዴቢያን ስናፕሾት የቆዩ ፓኬጆችን፣ ሶፍትዌር ሄሪቴጅም የምንጭ ኮድን የሚያቆዩት ለዚሁ ነው።

ፕሮጀክት የምትመሩ ሁሉ፣ የመሣሪያችሁን ቨርዥንና ቼክሰም በግልጽ ጻፉ፤ በማሽን የመነጩትን የግንባታ ፋይሎች ደግሞ ከቀጣዩ ጥቅላችሁ አውጡ።