የፕላስቲክ ወይን በደብረ ብርሃን

ባለፈው ጥር ለሥራ ጉዳይ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። አንድ የቆየ ወዳጄ «አዲሱን ቤቴን ሳታይ አዲስ አበባ አትመለስም» ብሎ ያዘኝ። መቼስ የወዳጅ ነገር ነውና ሄድኩ። ሳሎኑን አየሁ፤ አመሰገንኩ። መኝታ ቤቱን አየሁ፤ አመሰገንኩ። በመጨረሻ አንዲት በር ቀስ አድርጎ ከፈተና «ይኸውልህ! የጣሊያን ገጠር ማለት ይህ ነው!» አለኝ። ያሳየኝ ባኞ ቤቱን ነበር።

ግድግዳው ድንጋይ የሚመስል ሴራሚክ ለብሷል። ወለሉ ሸክላ የሚመስል ሴራሚክ ነው። ኮርኒሱ ላይ የተጋደሙት ወራጆች እንጨት የሚመስሉ ፕላስቲኮች ናቸው። በመስተዋቱ ዙሪያ የፕላስቲክ ወይን ከነዘለላው ተጠምጥሟል። አሮጌ መዳብ እንድትመስል የተቀባች ቧንቧም አለች። እጄን ልታጠብ ብዬ ብከፍታት ሁለት ጊዜ አንኮራፍታ ዝም አለች። ወዳጄ ቅር ሳይለው ከበሩ ኋላ ከተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች በጣሳ ቀድቶ አስታጠበኝ። ውሃው የጥር ውርጭ ያደረበት ስለነበር ጣቶቼ ደነዘዙ። በመስኮቱ አሻግሬ ብመለከት የጎረቤቱ አጥር ከእውነተኛ ጥቁር ድንጋይ የተካበ ነው። ድንጋይ አገር ተቀምጦ የድንጋይ ፎቶግራፍ መግዛት! ኧረ ለመሆኑ ምን ነካን?

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሳሁ። ዳሩ ግን በአዲስ አበባም በክፍለ ሀገርም ገንዘብ የቀናው ሁሉ «የጣሊያን ገጠር» የሚል በሽታ እየያዘው ነው።

ከወዲሁ ልናገር፤ ክርክሬ ከጣሊያን ጋር አይደለም። ሰሜን ሸዋ በጣሊያን ስም የሚቆጣበት ምክንያት ሞልቶታል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ ተጠልሎ በነበረው ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ የረጨው የፋሺስት ጦር ነው። ሆኖም የዘረትን ሰማዕታት ለባኞ ቤት ክርክር ምስክር አድርጎ መጥራት ነውር ነው። ከዚህም በላይ፣ ግንበኞቻችን በየቀኑ የሚጠሯቸው ባኞ፣ ሲሚንቶ፣ ጣውላ፣ ቱቦ፣ ፌሮ፣ ማልታ፣ ሊሾ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ቃላቱ የመጡት ከነሥራቸው ነው፤ ሙያ ይዘው ገብተው ሙያ ሆነው ቀርተዋል። ሙያ መዋስ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሙያውን ትቶ መልኩን መዋስ ነው።

ለመሆኑ ይህ የተቀናበት «የጣሊያን ገጠር» የማን ቤት ነበር? በቶስካና ኮረብታዎች ላይ የምናያቸው የድንጋይ ቤቶች የብዙዎቹ ነዋሪ ጭሰኛ ነበር። ሥርዓቱ ሜዛድሪያ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የእኩል አራሽ ማለት ነው። ገበሬው ያርሳል፤ ከምርቱ ግማሹን ለባለ መሬቱ ያስረክባል። ይህን ለማስረዳት ለኢትዮጵያዊ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ የእኩልና የሲሶ አራሽ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በእኛም አገር ነበረ። ጣሊያንም አዲስ የሜዛድሪያ ውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ያ ገበሬ ቤቱን ከድንጋይ የሠራው ድንጋይ ማሳው ላይ ስለነበረ ነው። ወለሉን ሸክላ ያነጠፈው አፈሩ እዚያው ስለሚተኮስ ነው። ጣሪያውን በደረት ኖት እንጨት ያዋቀረው ዛፉ ከደጁ ስለበቀለ ነው። «ገጠራዊ ውበት» ብሎ አላሰበም፤ ያለውን ተጠቀመ።

ባኞ ቤትስ? አልነበረውም! ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ገላ የሚታጠበው ምድጃ አጠገብ በተቀመጠ ገንዳ ነው። ኋላ ገበሬው ድህነቱን ሸሽቶ ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ሲጎርፍ ቤቶቹ ወና ቀሩ። ሀብታም ከተሜዎችና የውጭ አገር ሰዎች ገዝተው አደሷቸው፤ ቧንቧ አስገቡ፤ በሚያብረቀርቁ መጽሔቶች ላይ ፎቶግራፋቸውን አወጡ። እንግዲህ ወዳጄ የቀዳው የጣሊያንን ገበሬ አይደለም። የቀዳው፣ ገበሬው ጥሎት የሄደውን ቤት የገዛውን ባለጸጋ ፎቶግራፍ ነው። የቅጂ ቅጂ!

ከጣሊያን ገጠር በእርግጥ መማር ከተፈለገ ትምህርቱ አጭር ነው፦ በአካባቢህ ባለው ነገር፣ ደህና አድርገህ ሥራ። እስቲ በዚህ መለኪያ ሰሜን ሸዋን እንይ። ድንጋይ? ደብረ ብርሃንና መንዝ በድንጋይ ካብ የተሠራ አገር ነው። ኖራ? አንኮበር ውጡና የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ጉብታ ላይ ቆማ የቀረችውን የኖራ ግንብ ቁራጭ ጠይቋት። የኖራ ልስን እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ያወጣል፤ በድንጋይ ላይ የተደፈነ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ያበቅላል። ጣሊያኖች የሸክላ ወለላቸውን ውሃ እንዳይጠጣ የሚያሹት በምን ይመስላችኋል? በተልባ ዘይትና በሰም! ተልባና ሰም ለሸዋ ገበሬ ከውጭ ይመጣለታል? ወለሉ ይቀዘቅዛል እንዳይባል ደግሞ የደብረ ብርሃን የበግ ጠጉር ምንጣፍ አለ፤ ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለ ከተማ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ጽድ አይበሰብስም፤ ነገር ግን ወፍ ዋሻን ጨፍጭፉ ማለቴ አይደለም። ከፈረሰ ቤት የተረፈ አሮጌ ሳንቃ ይበቃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ለምን ፕላስቲክ? መልሱ ያማል። ድንጋዩንና ሸክላውን ሳይሆን የሚሠሩትን እጆች ስለናቅን ነው። በአንኮበርና በዙሪያው ሸክላ የሚሠሩትን «ጠይብ» እያልን፣ «ቡዳ» እያልን፣ ማዕድ እየለየን ኖርን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ንቀቱ ግን አለ። ጀበናና ምጣድ ሠርታ የምታወጣውን ሴት «ለወለል የሚሆን ጠፍጣፋ ሸክላ ሥሪልኝ» ብሎ ያዘዛት ማነው? የጀበና አተኳኮስ ለወለል አይበቃም፤ ምድጃው መሻሻል አለበት ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ለሴራሚክ የፈሰሰው ገንዘብ መግባት የነበረበት እዚያ ምድጃ ውስጥ ነበር።

«ሴራሚክ ለጽዳት ይመቻል፣ ቶሎ ያልቃል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ውሃ የሚረጭበትን ግድግዳ በነጭ ሴራሚክ የሸፈነ ሰው አይወቀስም፤ የእሱ ሴራሚክ ሴራሚክ ነኝ ይላል። እኔ የምጣላው ድንጋይ ነኝ ከሚለው ጋር ነው። ደግሞስ ከወይኑ በፊት ውሃው አይቀድምም? በወይኑና በመዳብ ቅቡ ዋጋ ጣሪያ ላይ ሮቶ ተሰቅሎ ቧንቧዋ ማንኮራፋቷን በተወች ነበር።

አንድ ታሪክ ላክል። ማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚባል ጣሊያናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1876 ጓደኞቹን መርቶ ሸዋ ገባ። ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ሞቶ የተቀበረውም እዚያው ነው። ባላባቱ ጣሊያናዊና ባልደረቦቹ የኖሩት በምን ቤት ነበር? በእኛው የሣር ጎጆ! በሰሜን ሸዋ የታየው እውነተኛ የጣሊያን የገጠር ኑሮ እሱ ነበር። ከአገሬው ጋር እንደ አገሬው።

ከወዳጄ ባኞ ቤት ስንወጣ እናቱ ጣቶቼን እያሸሁ አዩኝ። ምንም ሳይናገሩ ምድጃ ላይ የሞቀ ውሃ በገበቴ ይዘው መጡ። «እዚያ ውስጥማ ብርድ ነው ልጄ፤ እኔም አልገባበት» አሉና እጄን አስታጠቡኝ። እንግዳን በሙቅ ውሃ ተቀብሎ ማስታጠብ የዚህ አገር ወግ ነው። ወዳጄ አፍሮ ፈገግ አለ።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛ ደግሞ ብሰን ወርቁን ጥለን የመዳብ ቅብ ገዛን። ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ሴራሚክ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ድንጋይ ጠራቢውንና ሸክላ ሠሪዋን አነጋግሩ። ወይን ካማራችሁም ከደጃችሁ ትከሉ፤ ባይዝ እንኳ ቢያንስ ቅጠሉ የእውነት ይሆናል።