ሴት ሐኪም መምህራን ሲዝሉ ታካሚውም ይጎዳል

ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ ከገለምሶ፣ ከበዴሳ ወይም ከሂርና ሕመሙ የጠና ሰው ብዙ ጊዜ ሪፈር ተጽፎለት ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይሄዳል። ሆስፒታሉ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ስለሆነ አልጋው ዙሪያ ከሚቆሙት ሐኪሞች አንዳንዶቹ ተማሪዎች፣ ሌሎቹ መምህራን ናቸው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሴት መምህራን ከወንዶቹ በቁጥር በጣም ያንሳሉ።

ላይ ያለው ሥዕል ሌላ ነው። የቀድሞዋ የጤና ሚኒስትር ዶ/ር ሊያ ታደሰም፣ በ2016 ዓ.ም የተተኳቸው ዶ/ር መቅደስ ዳባም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው፤ ሁለቱም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሠርተዋል። የዋርዱ ኑሮ ግን በሹመት ብቻ አይለወጥም።

ተማሪ ሳለሁ በክፍሉ ብቸኛዋ ሴት የሆኑ ስፔሻሊስት መምህር ነበሩን። ለአስታማሚው ሁሉን አስረድተው ሲጨርሱ «እሺ ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጡት?» ይባላሉ። በሴት ሐኪም መታየት የምትፈልግ እናት ስትመጣ ተረኛ ባይሆኑም ይጠራሉ። የቸገራት ሴት ተማሪ የምታንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ኮሚቴ ሲቋቋም «ሴት ትኑርበት» ተብሎ ስማቸው ይገባል። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ በደረጃ እድገት ጊዜ ግን አይቆጠርም። እኛ ሳንመረቅ ለቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ «ሴት ሐኪም የለችም» ሲባሉ ሳይታዩ የተመለሱ እናቶችን አይቻለሁ።

መዛል ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት መዛልን (በርንአውት) በሽታ አይለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ነው ይላል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማጣት፣ ከሥራው መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ ውጤታማ አይደለሁም ማለት። መነሻው ሥራው ከሆነ «በርቺ» የሚል ምክር ብቻውን አይፈውስም፤ ሥራው መስተካከል አለበት።

ከተቋሙ ምን ይጠበቃል?

የቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝ ነበር። ለሌሊት ተረኛ መጓጓዣ፣ የማይታየውን ሥራ መቁጠር፣ ቅሬታ በምስጢር የሚቀርብበት መንገድም ያስፈልጋሉ። በምዕራብ ሐረርጌ አብዛኛው ታካሚ አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ ከሌላ ክልል የመጣች ሐኪም በጾታም በቋንቋም አናሳ ትሆናለች። ከዚህ ወጥታ አዲስ አበባ የምታስተምረውም እንዲሁ። የቋንቋ ሥልጠና ሐኪሟንም ታካሚውንም ይረዳል።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ማን እንደሆኑ ካላወቁ ይጠይቁ፤ ሐኪም ከሆኑ «ዶክተር» ይበሉ። ነርሷም «ሲስተር» የሚለውን ስም የለፋችበት ነው።
• በሴት ሐኪም መታየት ከፈለጉ ካርድ ሲያወጡ ይናገሩ። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ግን ሴት ሐኪም እስክትገኝ አይጠብቁ።
• ሚስትዎ፣ እህትዎ ወይም ልጅዎ የጤና ባለሙያ ከሆነች ከተረኝነት ስትመለስ የቤቱን ሥራ አይቆልሉባት፤ ትተኛ።
• የእንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሐኪምም ሐኪም ያስፈልገዋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይዘዋት ይሂዱ፤ ብቻዋን አይተዉአት።