የዱር አራዊትን ለመመልከት የሚሆን መነጽር ስለ መምረጥ

የክረምቱ ዝናም አብቅቶ መንገዱ በደረቀ ጊዜ ከልጆቻቸው ጋራ ወደ ደንና ወደ ተራራ ወጥተው የአገራችንን አራዊትና አዕዋፍ ለመመልከት የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ለዚህ ጕዞ ስንቁና ልብሱ አስቀድሞ ሲዘጋጅ፥ መነጽሩ ግን በመጨረሻው ቀን በችኰላ የሚገዛ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ይህን የምጽፍ እኔም በዚህ የተሳሳትሁ ስለ ሆንሁ፥ ሌላው እንዳይደግመው ነገሩን እንደ ሆነው አቀርበዋለሁ። በቋንቋችን መነጽር የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላልና፥ አንባቢ እንዳይደናገር በዓይን ላይ የሚደረገውን የዓይን መነጽር፥ ሩቁን የሚያቀርበውን ደግሞ የሩቅ መነጽር እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አባቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ ስሜን ተራራ ሄጄ ነበር። አባቴ የተወለዱት በጃናሞራ ነው። በልጅነታቸው ፍየል ሲጠብቁ ዋልያ በገደሉ ላይ ሲዘል እያዩ እንዳደጉ ለልጆቹ ሲነግሩ ኖረዋልና፥ ሰባ አምስት ዓመት በሞላቸው ጊዜ «አንድ ጊዜ ከልጆቹ ጋራ ሆኜ ልየው» ብለው ጠየቁኝ። ዋልያ ከዓለም ሁሉ በስሜን ብቻ የሚገኝ እንስሳ ስለ ሆነ፥ በሌላ ስፍራ ላሳያቸው አልችልም ነበር። ልንነሣ አንድ ቀን ሲቀረን ከአንድ ሱቅ ገብቼ የሩቅ መነጽር ገዛሁ። በሣጥኑ ላይ 30×60 የሚል ቍጥር በትልቁ ታትሞበታል፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ሻጩ «ሠላሳ እጥፍ ያቀርባል» ባለኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

ጨነቅ ከሚባለው ሰፈር በደረስን ጊዜ ጠባቂው በማዶው ገደል ላይ አምስት ዋልያዎች አሳየን። በዓይን ብቻ ሲታዩ ከድንጋዩ የማይለዩ ቡናማ ነጥቦች ናቸው። የሩቅ መነጽሩን አንሥቼ ብመለከት የታየኝ ጠርዙ የደበዘዘ፥ ሁለት ሆኖ የተደራረበ ገደል ነው። ለአባቴ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም የዓይን መነጽራቸውን እንዳደረጉ ጥቂት ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «አየሁ፤ ተባረክ ልጄ» አሉ። ማታ ግን ትንሿ ልጄ ወደ ጆሮዬ ቀርባ «አያቴ እኮ ያዩት ወደ ሰማይ ነው» አለችኝ። አባቴ እንዳላፍር ብለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከሚያውቁ ሰዎች አጥብቄ ጠየቅሁ። በሩቅ መነጽር ላይ ከሚጻፉት ሁለት ቍጥሮች መጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፥ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ ይናገራል። 8×42 ማለት በ80 ሜትር ያለውን እንስሳ በ10 ሜትር ያለ ያህል አድርጎ ያሳያል፤ መስታወቱም 42 ሚሊሜትር ይሰፋል ማለት ነው። የእኔን ዕቃ በማስመሪያ ብለካው 60 የተባለው 28 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ሠላሳ እጥፍ የተባለውም ሐሰት ነበር። እውነት ቢሆንስ የባሰ ነበር። እጃችን በትንፋሽና በልብ ትርታ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣልና፥ መነጽሩ ዋልያውን ሠላሳ እጥፍ ሲያቀርብ መንቀጥቀጡንም ሠላሳ እጥፍ ያበዛዋል። ስለዚህ ያለ ማቆሚያ በእጅ ተይዞ ለሚታይ 8 እጥፍ ይበቃል፤ 10 እጥፍም የመጨረሻው ነው። እንደ ስሜን ከገደል ወደ ገደል የሚመለከት ሰው 10 ቢመርጥ አልነቅፈውም። ነገር ግን ልጆችና ሽማግሌዎች ለሚቀባበሉት ዕቃ 8 እጅግ የተሻለ ነው፤ በ100 ሜትር ርቀት ከ12 እስከ 14 ሜትር የሚሆን ስፋት ስለሚያሳይ፥ ልጁ እንስሳውን ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም።

የመስታወቱን ስፋት በእጥፉ ቢያካፍሉት ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰፋ ይታወቃል። 42 ለ8 ሲካፈል 5 ከሩብ ነው፤ 25 ለ8 ሲካፈል ግን 3 ያህል ብቻ ነው። በቀትር የዓይናችን ብሌን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ስለሚጠብ ልዩነቱ አይታወቅም። አራዊት ከጫካ የሚወጡት ግን ማለዳና ማታ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብሌን ስለሚሰፋ ትንሿ መነጽር ጨለማ ትሆናለች። በኪስ የምትያዝ ናትና ለከተማ ወፍ ትበቃለች፤ ለድኩላና ለቀበሮ ግን አትረዳም።

የአባቴ ችግር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ዓይኑን ወደ ኋለኛው መስታወት አስጠግቶ ማኖር አይችልም። ስለዚህ ምስሉ ከመስታወቱ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ርቆ የሚሠራበትን ዕቃ ያሻዋል፤ ከ16 እስከ 18 ቢሆን ይመረጣል። ይህ ልክ ከዕቃው ጋራ በሚመጣው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከዓይን የሚገጥመው የጎማ ክፈፍም የሚጠመዘዝና ዝቅ የሚል መሆን አለበት። እኔ ይህን ስላላወቅሁ ለአባቴ የሰጠኋቸው በቁልፍ ቀዳዳ አሻግረው የሚያዩበትን ነገር ነበር።

ስለ ውስጡ አሠራር ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለገዢ የሚጠቅመውን ብቻ ልንገር። ምስሉን የሚያቃናው ፕሪዝም የሚባለው የተቈረጠ መስታወት ነው። ይህን ዘዴ ኢጣልያዊው ኢኛትሲዮ ፖሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 አወጣው፤ በጀርመን አገር በየና ከተማ ያለው የሳይስ ፋብሪካም በ1894 ለገበያ አቀረበው። በፖሮ ዘዴ የተሠራው እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ ሌላው ደግሞ ቀጥ ያለ ቀጭን ነው። ቀጥ ያለው ለማየት ያማረ፥ ውሃም የማያስገባ ቢሆንም በርካሽ ዋጋ በደንብ ሊሠራ አስቸጋሪ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ሰው ክርን ያለው ብዙ ጊዜ የጠራ ምስል ይሰጣል።

ከዚህም በላይ ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ፊቱ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 4 ያህሉን ይመልሳል። በሩቅ መነጽር ውስጥ እንዲህ ያለ ፊት ከአሥር የማያንስ ስለ ሆነ፥ ሲሶው ብርሃን ሳይደርሰን ይቀራል። በ1935 በሳይስ ፋብሪካ የሚሠራው ስማኩላ ይህን የሚከለክል ቅብ ካገኘ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ፉሊ መልቲ ኮትድ የሚል ጽሕፈት ያለበት መስታወቱ ሁሉ በብዙ ድርብ የተቀባ ነው ማለት ነውና እሱን ይጠይቁ። እንደ ሩቢ ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን ይተዉት፤ ለጌጥ እንጂ ለማየት አይጠቅምም። እጥፉ ከፍና ዝቅ የሚደረገውንና ማስተካከያ ጎማ የሌለውንም በርካሽ ቢያገኙት አይግዙ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የኦስትርያው ስዋሮቭስኪና የጀርመኖቹ ሳይስና ላይካ የሚሠሯቸው ከፍተኞቹ ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣሉ። መኳንንት ቢሆኑ እንኳ ለልጅ እጅ እንዲህ ያለውን መግዛት አያስፈልግም። ኒኮን፥ ሴለስትሮንና ቮርቴክስ የሚባሉት በመካከለኛ ዋጋ የሚሠሩት ለቤተ ሰብ ይበቃል፤ በውጭ አገር ገበያ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ደኅና 8×42 ይገኛል። ከዚያ በጣም የወረደው እንደ እኔ ሠላሳ እጥፍ ነው። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ግን መነጽር እንደ ወታደር መሣሪያ ተቈጥሮ በጉምሩክ የሚያዝበት ጊዜ ስላለ፥ ፈቃዱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሱቅ ሲገቡ መነጽሩን በክንድ ርቀት አርቀው በኋለኛው መስታወት ላይ የሚታየውን የብርሃን ክብ ይዩ። ክቡ ድቡልቡል ከሆነ መልካም ነው፤ ጠርዙ እንደ ተቈረጠ ከታየ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው። ቀጥሎ ከሱቁ ደጅ ወጥተው ከሩቅ ያለ የመብራት እንጨት ይመልከቱ፤ ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ዓይንዎን የሳበው ከመሰለ ይመልሱት። በመጀመሪያ የግራ ዓይንን በመካከለኛው ጎማ፥ ከዚያ የቀኝን በራሱ ማስተካከያ ማጥራት ይገባል፤ ይህን ለልጆች ማስተማር ብዙ ጠብ ያስቀራል። የልጅ ዓይኖች ርቀታቸው ጠባብ ነውና ሁለቱ ቱቦዎች እስከዚያ መቀራረባቸውንም ይሞክሩ። 8×42 የሆነው ብዙ ጊዜ 700 ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ ለትንሽ ልጅ 8×32 ይቀላል።

ስሜንን ዳግም አልሄድንም፤ የአባቴ ጕልበት ከፍታውን አይችለውም። በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር ግን አዲሱን 8×42 ይዘን ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወሰድኋቸው። ከዝግባው በታች በበርጩማ ተቀመጡ፤ የጎማውን ክፈፍ ዝቅ አድርጌ ሰጠኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ወደ ላይ ተመለከቱ። እኔም ያለፈውን አስታውሼ ምን ታያችሁ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። በኋላ ራሳቸው «ጉሬዞቹ ሦስት ናቸው፤ የወዲያኛዋ ልጅ ታቅፋለች፥ ልጇ ግን እንደ ጥጥ ነጭ ነው» አሉ። ልጄ መነጽሩን ተቀብላ ተመለከተች፤ እንዳሉትም ሆኖ አገኘችው።